የሕዝብ ብዛትና የእናቶች ጤና በኢትዮጵያ

ኢትዮጵያ በሕዝብ ብዛት ከአፍሪካ ከናይጄሪያ ቀጥላ ሁለተኛ ናት። ከ120 ሚሊዮን በላይ ነን ይባላል። ይህ ግን ግምት ነው። የመጨረሻው ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን ያኔ 74 ሚሊዮን ገደማ ነበርን። አራተኛው ቆጠራ ደጋግሞ ተራዝሞ እስካሁን አልተካሄደም። በጀት የሚደለደለውም ክትባት የሚታዘዘውም በግምት ስለሆነ ጉዳዩ በዋዛ የሚታይ አይደለም።

የሕዝብ ፖሊሲ የወጣው በ1985 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ አንዲት ሴት በዕድሜ ዘመኗ በአማካይ 7.7 ልጆች ትወልዳለች ተብሎ ይገመት ነበር። እስከ 2007 ዓ.ም. ድረስ ወደ 4 ለማውረድ ታቀደ። በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ያገኘው 4.6 ነው። ዕቅዱ ባይሞላም ለውጡ ትልቅ ነው። ደግሞም አማካዩ ብዙ ነገር ይደብቃል። በዚሁ ጥናት አዲስ አበባ 1.8፣ ሶማሌ ክልል 7.2 ነበሩ። በአንድ አገር ውስጥ ይህን ያህል ልዩነት አለ።

«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» በሚባልበት አገር የወሊድ መቆጣጠሪያ እንዴት ተስፋፋ? የቤተሰብ መምሪያ ማኅበር ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ ሲሠራበት ቆይቷል። ገጠሩን የለወጡት ግን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው። በ1990ዎቹ አጋማሽ በተጀመረው ፕሮግራም ለየቀበሌው ሁለት ሁለት ወጣት ሴቶች ሠልጥነው ተመደቡ። ቤት ለቤት እየዞሩ ያስተምራሉ፣ ጤና ኬላ ላይ መርፌ ይወጋሉ፣ በኋላም ክንድ ላይ የሚቀበረውን መስጠት ጀመሩ። በጣም የተወደደው የሦስት ወር መርፌ ነው። በየቀኑ አስታውሱኝ አይልም፤ ከባል ተደብቆም መወሰድ ይችላል። ካገቡ ሴቶች ዘመናዊ መከላከያ የሚጠቀሙት በ1992 ዓ.ም. 6 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2011 ዓ.ም. 41 በመቶ ደረሱ።

ወሊድ ላይ ግን ነገሩ ይከብዳል። መርፌውን ቀበሌ ድረስ መውሰድ ይቻላል። ምጥ የጠናባትን ሴት ግን ራሷን ማድረስ ያስፈልጋል። ደም ሲፈሳት ደም የሚሰጥበት፣ ሕፃኑ አልወጣ ሲል ቀዶ ሕክምና የሚሠራበት ቦታ መድረስ አለባት። መኪና በማይገባበት መንደር ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሟት ሰዓታት ይጓዛል። በ1992 ዓ.ም. በጤና ተቋም የሚወልዱት 5 በመቶ ነበሩ፤ በ2011 ዓ.ም. 48 በመቶ ሆኑ። ለየወረዳው አምቡላንስ መከፋፈሉ ረድቷል። ቀኗ የደረሰ ነፍሰ ጡር ቀድማ መጥታ የምትቆይበት የእናቶች ማቆያም እንዲሁ። ጤና ጣቢያው ገንፎ ማብሰልና ቡና ማፍላት የጀመረው እናቶች እንደ ቤታቸው እንዲሰማቸው ነው። እኔ ከብዙ ፖስተርና ስብሰባ ይልቅ ይህን አምናለሁ። የእናቶች ሞት ከ100,000 ሕያው ወሊድ ከ871 ወደ 412 መውረዱን ሁለቱ ጥናቶች፣ የ1992 እና የ2008ቱ፣ ያሳያሉ። 412ም ቢሆን እጅግ ብዙ ነው።

ምጥ ቀናት ሲፈጅ ሌላው መዘዝ ፊስቱላ ነው፤ የወሊድ መንገዷ ይቀደድና ሽንቷ ወይም ሰገራዋ ያለ ቁጥጥር ይፈሳል። ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጅናልድ በ1951 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ መጥተው ዕድሜያቸውን ለዚህ ሕመም ሰጡ። ያቋቋሙት ሆስፒታል በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶችን አክሟል። በኋላም አዋላጆችን የሚያሠለጥን ኮሌጅ ተከፈተ፤ ፊስቱላን አስቀድሞ የሚከላከለው በሰዓቱ የተገኘች አዋላጅ ናትና።

ሕጉ ከኑሮው ቀድሞ ሄዷል። የቤተሰብ ሕጉ ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ የጋብቻን ዕድሜ 18 አድርጓል፤ በ2008ቱ ጥናት ግን ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 49 ከሆነ ሴቶች ግማሾቹ ገና 17 ዓመት ገደማ ሳሉ አግብተዋል። የሴት ልጅ ግርዛት በወንጀል ያስጠይቃል፤ ሆኖም በዚያው ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 65 በመቶው ተገርዘዋል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ለተደፈረች ሴት፣ ሕይወቷ አደጋ ላይ ለወደቀ እናትና ልጅ ማሳደግ ለማትችል ታዳጊ ፅንስ ማቋረጥን ፈቅዷል።

ከዚያ ጦርነት መጣ። በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ብዙ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ተዘረፉ፣ ወደሙ፤ አምቡላንሶችም ተወሰዱ። በነዚህ አካባቢዎች ብዙ ሴቶች እንደገና ቤት መውለድ ጀምረዋል።