በጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ነርሲንግ የንዑስ ስፔሻሊቲ ሰርተፊኬሽን ምንድን ነው?

አሜሪካ ውስጥ በጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል፣ ወገኖቻችን «ኒኪዩ» በሚሉት ቦታ፣ የምትሠራ ነርስ ባጅ ላይ ከስሟ ቀጥሎ ምህጻረ ቃላት ተደርድረው ይታያሉ፦ አርኤን፣ ቢኤስኤን፣ አርኤንሲ-ኤንአይሲ፣ አንዳንዴም ሲ-ኢኤልቢደብሊው። የመጀመሪያው ላይሰንሷ፣ ሁለተኛው ዲግሪዋ ነው። ሦስተኛው የስፔሻሊቲ ሰርተፊኬሽን ይባላል። አራተኛው በዚያው ስፔሻሊቲ ውስጥ ወደ አንድ ጠባብ ጉዳይ ጠልቃ እንደገባች የሚመሰክር የንዑስ ስፔሻሊቲ ሰርተፊኬሽን ነው።

ላይሰንስ የሚሰጠው የስቴቱ የነርሲንግ ቦርድ ነው፤ ያለ እሱ መሥራት አይቻልም። ሰርተፊኬሽን ግን በራስ ፈቃድ የሚወሰድ ፈተና ነው፤ የሚሰጡትም ከመንግሥት ውጭ ያሉ የሙያ ድርጅቶች ናቸው። አዲስ ምሩቆች ብዙ ጊዜ ኤንአርፒን ከዚህ ጋር ሲቀላቅሉት አያለሁ። ኤንአርፒ ሲወለድ ያልተነፈሰን ሕፃን መታደግ የሚያስተምር ሥልጠና ነው፤ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚና የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ1987 እ.ኤ.አ. ጀመሩት፣ ካርዱም በየሁለት ዓመቱ ይታደሳል። በክፍሉ ለሚሠራ ሁሉ የግድ ነው ማለት ይቻላል፤ የስፔሻሊቲ ሰርተፊኬሽን ግን አይደለም። ኒዮናታል ነርስ ፕራክቲሽነር፣ ማለትም ጨቅላ ሕፃናትን ራሷ መርምራ ሕክምና የምታዝ ነርስ መሆንም፣ ሌላ መንገድ ነው፤ እሱ የድኅረ ምረቃ ዲግሪ ይጠይቃል።

መሠረቱ ላይ ሁለት የታወቁ ፈተናዎች አሉ። አንደኛው ናሽናል ሰርቲፊኬሽን ኮርፖሬሽን የሚሰጠው አርኤንሲ-ኤንአይሲ ነው። ለመቀመጥ በክፍሉ የ24 ወር ልምድና ቢያንስ 2,000 የሥራ ሰዓት ያስፈልጋል። ሁለተኛው የአሜሪካ የጽኑ ሕክምና ነርሶች ማኅበር የሚሰጠው የጨቅላ ሕፃናት ሲሲአርኤን ነው፤ ከሁለቱ መንገዶቹ አንዱ በሁለት ዓመት ውስጥ 1,750 ሰዓት፣ ከዚያም ውስጥ 875ቱን በመጨረሻው ዓመት፣ በጠና የታመሙ ሕፃናትን በቀጥታ መንከባከብን ይጠይቃል።

ንዑስ ስፔሻሊቲው ከዚህ ይለያል። ፈተናው አጠር ያለ፣ ርዕሱም ጠባብ ነው፤ ለነርስ ብቻም አይደለም፤ ሐኪሞችና ሬስፓይራቶሪ ቴራፒስቶችም (የአተነፋፈስ ሕክምና ባለሙያዎች) ይቀመጡበታል። ለኒኪዩ ነርስ ቅርብ ከሆኑት መካከል ሁለቱ እነዚህ ናቸው፦ እጅግ ዝቅተኛ ክብደት ይዘው የተወለዱ ሕፃናት እንክብካቤ፣ ማለትም ሲ-ኢኤልቢደብሊው፣ እና የጨቅላ ሕፃናትና የልጆች ሕሙማን ማጓጓዝ፣ ማለትም ሲ-ኤንፒቲ። ጥራትና ደህንነትን የሚመለከት ሌላም አለ፤ እሱ ይበልጥ የሚጠቅመው የክፍሉን አሠራር ለማሻሻል ለሚሠሩ ነው።

የመጀመሪያው ለምን ራሱን የቻለ ፈተና እንደሆነ ለመረዳት ሕፃኑን ማሰብ ይበቃል። እጅግ ዝቅተኛ ክብደት የሚባለው ከ1,000 ግራም በታች ነው። 500 ግራም የሚመዝን ሕፃን በመላ ሰውነቱ ያለው ደም ከ50 ሚሊ ሊትር እምብዛም አይበልጥም። ለላቦራቶሪ 5 ሚሊ ሊትር ከተቀዳ ከደሙ አንድ አስረኛው ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ «ይህ ምርመራ ዛሬ የግድ ነው? ከሌላው ጋር አብሮ ሊቀዳ አይችልም?» ብላ የምትጠይቅ ነርስ ሕፃኑ የሌላ ሰው ደም እንዲሰጠው እንዳያስፈልግ ልታደርግ ትችላለች።

አንጎሉም እንዲሁ ነው። ያለ ጊዜያቸው በተወለዱ ሕፃናት አንጎል ውስጥ ያሉት ስስ የደም ሥሮች የደም ግፊት ድንገት ከፍ ዝቅ ሲል ይፈነዳሉ፤ አብዛኛው መድማት የሚከሰተው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ 72 ሰዓታት ነው። በእነዚያ ሦስት ቀናት ጭንቅላቱን ቀጥ አድርጎ ማስተኛት፣ ዳይፐር ሲቀየር እግሮቹን ወደ ላይ አለማንሳት፣ በእምብርቱ በገባው ቀጭን ቱቦ ደም ሲቀዳም ሆነ ፈሳሽ ሲሰጥ ቀስ ማለት፣ ሥራን አጠራቅሞ በአንድ ጊዜ ነክቶ ከዚያ መተው የነርሷ እጅ ሥራ ነው። ቆዳው ውኃ አይይዝም፤ ስለዚህ ኢንኩቤተሩ ውስጥ እርጥበት ይጨመራል፣ ፕላስተር ሲላጥ ቆዳውን ይዞ እንዳይነሳ ይጠነቀቃሉ። ኦክስጅን ሲበዛ የዓይን ሬቲና ይጎዳል፣ ሲያንስ ደግሞ ሕይወት ያሰጋል፤ ስለዚህ የማስጠንቀቂያው ደወል ወሰን የት እንደተቀመጠ በየሺፍቱ መጀመሪያ ማየት ግድ ነው። ፈተናው የሚጠይቀው ይህንና ይህን የመሰለውን፣ ከነምክንያቱ ነው። እኔ ዋጋው ምክንያቱ ላይ ነው እላለሁ። ፕሮቶኮሉን ማንም ያነባል፤ ፕሮቶኮሉ ያላሰበው ነገር ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሲያጋጥም ግን የሚያድነው ለምን እንደሚደረግ ማወቅ ነው።

የማጓጓዙ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። በሄሊኮፕተር ወይም በአውሮፕላን ከፍታ ሲጨመር የአየር ግፊት ይቀንሳል፣ በሰውነት ውስጥ የታሰረ አየርም ይሰፋል። በሳንባው ዙሪያ ጥቂት አየር ያመለጠበት ሕፃን መሬት ላይ ደህና መስሎ አየር ላይ ሊታፈን ይችላል፤ ደረትንና ሆድን በሚለየው ጡንቻ፣ በድያፍራም፣ ላይ ክፍተት ያለበት ሕፃን ደግሞ በጨጓራው ያለው አየር በቱቦ ካልወጣለት ጨጓራው ደረቱን ይሞላዋል። በሞተሩ ጩኸት ውስጥ ስቴቶስኮፕ አይሰማም። ክፍሉ ውስጥ አሥር ሰው ሊጠራ ይችላል፤ እዚያ ግን ያለው ቡድኑ ብቻ ነው። ለዚህ ስቴብል የሚባለው ሥልጠና ጥሩ መንደርደሪያ ነው፦ የደም ስኳር፣ ሙቀት፣ የአየር መተላለፊያ፣ የደም ግፊት፣ ላቦራቶሪና ለቤተሰብ የሚሰጥ የስሜት ድጋፍ በየተራ ይታዩበታል።

የትኛውን ልያዝ ለሚል እኔ የምመልሰው በፊታችሁ የሚተኙትን ሕፃናት እዩ ብዬ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ክፍሎቹን በአራት ደረጃ ይከፍላቸዋል፤ ከ32 ሳምንት በፊት ወይም ከ1,500 ግራም በታች የሚወለዱት የሚታከሙት በሦስተኛና በአራተኛ ደረጃ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ክፍል ውስጥ ያለች ነርስ 600 ግራም ሕፃን የምታየው እስኪላክ ድረስ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ለእሷ ስቴብል ከሲ-ኢኤልቢደብሊው ይልቅ በየቀኑ ይሠራላታል። ንዑስ ስፔሻሊቲውን ለመውሰድ መሠረታዊው ሰርተፊኬሽን አይጠየቅም። ቢሆንም መጀመሪያ መሠረታዊውን ብትይዙ እመክራለሁ። ልብ፣ ኩላሊት፣ ኢንፌክሽን፣ አመጋገብ፣ የቤተሰብ ሐዘን፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ አለ፤ ጠባቡ ትምህርትም የሚያርፈው በዚያ ላይ ነው። ባጅ ለመሙላት ብቻ የተሰበሰበ ፊደል ደግሞ ለሕፃኑ የሚያደርግለት ነገር የለም።

ከኢትዮጵያ ወይም ከገልፍ አገሮች ሆነው ስለዚህ የሚጠይቁ ነርሶች አሉ። የናሽናል ሰርቲፊኬሽን ኮርፖሬሽን ፈተናዎች ነርስን የአሜሪካ ወይም የካናዳ ላይሰንስ ይጠይቃሉ፤ ስለዚህ ወደ አሜሪካ ለሚያስብ ሰው ኤንክሌክስ፣ ማለትም የነርስ ላይሰንስ ፈተናው፣ ይቀድማል። ኢትዮጵያ ውስጥ የኒዮናታል ነርሲንግ ራሱን የቻለ የዲግሪ ትምህርት አለ፤ በዚያ የሚሠሩት ሲስተሮች የሚሸከሙትም ከባድ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 33ቱ የመጀመሪያ ወራቸውን ሳይጨርሱ እንደሚሞቱ አሳይቷል። ከላይ የተባለው የደም መጠን ስሌት፣ የ72 ሰዓቱ ጥንቃቄ፣ ሕፃኑን በእናቱ ደረት ላይ በካንጋሮ እንክብካቤ ማሞቅ ምንም ላይሰንስ ሳይጠይቅ ድንበር ይሻገራል። አሜሪካ ተምራችሁ ለበጎ ፈቃድ አገር ቤት የምትገቡ ከማሽኑ ይልቅ ይህን ብታደርሱ የበለጠ ይጠቅማል።

ሰርተፊኬሽኑ አንዴ ተይዞ የሚቀር አይደለም፤ በየሦስት ዓመቱ ይታደሳል። ናሽናል ሰርቲፊኬሽን ኮርፖሬሽን ለእድሳት የሚሰጠው መመዘኛ ማለፊያና መውደቂያ የለውም፤ በየትኛው ርዕስ እንደደከማችሁ አይቶ ምን ያህል ሰዓት ተጨማሪ ትምህርት እንደሚያስፈልጋችሁ ይወስናል። ክፍያውን በተመለከተ ብዙ ሆስፒታሎች የፈተናውን ገንዘብ ይመልሳሉ፣ አንዳንዶቹም በሰዓት ደሞዝ ላይ ይጨምራሉ። ግን ገንዘቡ የሚመለሰው ካለፋችሁ ብቻ እንደሆነ፣ በቅድሚያ ማስፈቀድ እንደሚያስፈልግ፣ ጭማሪውም ለመሠረታዊው ብቻ ይሁን ለንዑሱም ከመመዝገባችሁ በፊት ኃላፊያችሁን በጽሑፍ ጠይቁ።