ሕግ በጎልማሳነት፦ «ወኔው ሲመጣ እጀምራለሁ» እና ሌሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች

ጠበቃ ነኝ። ማታ ማታ ደግሞ ሕግ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ አብዛኞቹ ሥራ ውለው የሚመጡ ናቸው። ልጅ ያሳደጉ አሉ፤ ፀጉራቸው የሸበተ አሉ። ስለዚህ ከ40 ዓመት በኋላ ሕግ ልማር የሚል ሰው ምክር ፈልጎ ወደ እኔ ይመጣል። ይዞት የሚመጣው ስሕተት ግን ዓመት ከዓመት ያው ነው። ሰሞኑን አንዲት የሁለት ልጆች እናት ደወሉልኝ። «ሕግ የልጅነት ምኞቴ ነበር፤ አሁን ሞቲቬሽኑን ከየት ላምጣው?» አሉኝ። ይህን ጥያቄ መስማት ሰልችቶኛል። መልሱን አንድ ጊዜ በደንብ ልጻፈው።

መጀመሪያ ቀለል ያሉትን ላንሳ።

«ሕግ ሽምደዳ ነው።» አይደለም። ሕግ ይሻሻላል፤ ይሻራል። የ30 ዓመት ልምድ ያለው ጠበቃም አንቀጹን ገልጦ ሳያነብ አቤቱታ አይጽፍም። ዋናው ችሎታ ከተዘበራረቀ ታሪክ ውስጥ ጭብጡን፣ ማለትም ክርክሩ የሚወሰንበትን ጥያቄ፣ ነጥሎ ማውጣት ነው።

«ጠበቃ አፈ ጮሌ መሆን አለበት።» አብዛኛው ሥራችን ማንበብና መጻፍ ነው። ውል የሚያረቅ፣ በድርጅት ውስጥ ነገረ ፈጅ ሆኖ የሚሠራ፣ ረቂቅ ሕግ የሚያዘጋጅ ሰው ዓመቱን ሙሉ ችሎት ላይቆም ይችላል።

«ሕግ ያበለጽጋል።» አንዳንዱን። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግን ለብዙው ጠባብ ናቸው። የቤተሰባችሁን ወጪ ሳታሰሉ ሥራ አትልቀቁ።

«እስከ ዛሬ የሠራሁት ሥራ ባክኖ ሊቀር ነው።» ይህ ያሳዝነኛል። አንድ ጊዜ ሁለት ሸሪኮች ሲለያዩ ስለሚነሳ ክርክር የክፍል ልምምድ ሰጠሁ። ወጣቶቹ አንቀጽ በአንቀጽ እየጠቀሱ ተከራከሩ። ከኋላ የተቀመጡ፣ ዕድሜያቸውን በሒሳብ ሥራ ያሳለፉ አንድ ተማሪ ከመልመጃው ጋር የተያያዘውን የሒሳብ መግለጫ ብቻ ሲመለከቱ ቆዩ። ከዚያ «መምህር፣ ይህ ዕዳ ሁለት ጊዜ ተመዝግቧል» አሉ። ክርክሩ በሙሉ የተንጠለጠለው እዚያች መስመር ላይ ነበር። የሕክምና ስሕተት ክስ ሲመጣ የታካሚን ካርድ ማንበብ የምታውቅ ነርስ፣ የግንባታ ውል ሲፈርስ ሳይት ላይ የዋለ መሐንዲስ ከማንም ቀድመው ነገሩ ይገባቸዋል። ሕጉን በአራት፣ በአምስት ዓመት ትማሩታላችሁ። ያንን ዕውቀት ግን አንድ ወጣት ከመጽሐፍ ሊያገኘው አይችልም።

«አእምሮዬ ዝጓል።» ይህኛው ግማሽ እውነት አለው። አዲስ ነገርን ቶሎ የመያዝ ፍጥነት ከወጣትነት በኋላ ቀስ እያለ ይቀንሳል። የቃላት ዕውቀትና የተጠራቀመ ግንዛቤ ግን በጎልማሳነትም ያድጋል፤ ሕግ ደግሞ የቃላት ሙያ ነው። ተማሪዎቼ ሲወድቁ ያየሁት በአብዛኛው በዕድሜ ሳይሆን በአጠናን ነው። ከ20 ዓመት በፊት የለመዱትን ይደግማሉ፦ ማስመር፣ ማንበብ፣ እንደገና ማስመር። ሮዲገር እና ካርፒክ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎችን አንብበው ያስታወሱትን ጽሑፉን ሳያዩ ከጻፉት ጋር አነጻጽረዋል። ከሳምንት በኋላ አብልጠው ያስታወሱት የጻፉት ናቸው። በራሳቸው ይበልጥ የተማመኑት ግን ደጋግመው ያነበቡት ነበሩ። ስለዚህ መጽሐፉን ዝጉና ጻፉ።

«ጊዜው አልፏል።» ቤልቫ ሎክዉድ ባላቸው የሞቱባቸው አሜሪካዊት መምህርት ነበሩ። አንድ ኮሌጅ የወንድ ተማሪዎችን ትኩረት ይበትናሉ ብሎ መልሷቸዋል። ሌላ ትምህርት ቤት አስተምሯቸው ዲፕሎማውን ከለከለ። ለፕሬዚዳንት ግራንት ደብዳቤ ጽፈው እ.ኤ.አ. በ1873 ተቀበሉት፤ 42 ዓመታቸው ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ሴት ናቸው ብሎ ሲከለክላቸው የአሜሪካን ሕግ አውጪ ምክር ቤት ወትውተው ሕግ አስወጡ። በ1879 በዚያ ፍርድ ቤት እንዲቆሙ የተፈቀደላቸው የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። በ1906 የቼሮኪ ሕዝብን፣ ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች የአንዱን፣ ጉዳይ ይዘው እዚያው ሲከራከሩ 75 ዓመታቸው ነበር። ሜሪ አን ሻድ ኬሪ መምህርትና የጋዜጣ አሳታሚ ሆነው ኖረው፣ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በሕግ የተመረቁት በ1883፣ በ60 ዓመት ገደማ ነው። ኔልሰን ማንዴላ የሕግ ዲግሪ ትምህርታቸውን በ1943 ጀምረው አቋረጡ። ዲግሪው ሳይኖራቸው ፈተናውን አልፈው ጠበቃ ሆኑ። ዲግሪውን ያገኙት በ1989 በርቀት ትምህርት፣ እስር ላይ ሳሉ ነው። በመሐሉ 46 ዓመት አለ።

አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። የሁሉም አገር ደንብ አንድ አይደለም። በብዙ ቦታ ከዲግሪው በኋላ የፈቃድ ፈተና ወይም የልምምድ ጊዜ አለ። ዳኝነት ላይ ደግሞ የጡረታ ዕድሜ የሚወስን ሕግ ይኖራል። ዳኛ መሆን ያሰበ ሰው ከመመዝገቡ በፊት ይህን ይጠይቅ። ጥብቅና ለሚፈልግ ግን በሩ ሰፊ ነው።

አሁን ወደ ዋናው።

«ወኔው ሲመጣ እጀምራለሁ።» ብዙ ሰው ተነሳሽነትን እንደ መግቢያ ፈተና ያየዋል። መጀመሪያ ልብ ይነሳል፤ ከዚያ እግር ይከተላል ብሎ ያምናል። በማታው ክፍል ያየሁት ተቃራኒውን ነው።

በአንድ ዓመት ሁለት ሰዎች ተመዘገቡ። አንዱ በወኔ የጋለ ነበር። ስለ ፍትሕ ሲናገር ክፍሉን ያስጨበጭባል። ሁለተኛው ሾፌር ነው፤ ብዙም አይናገርም። የመጣው አንድ ጥያቄ ይዞ ነው። ቤተሰቡ የውርስ መብቱን ለመጠየቅ ዘግይቶ ክሱ በይርጋ ውድቅ ሆኖበታል። «መብት እንዴት በጊዜ ብዛት ይሞታል?» አለኝ። ምክንያቱን አስረዳሁት። ምስክር ይሞታል፤ ሰነድ ይጠፋል፤ ሰው ዕድሜ ልኩን ክስ እየጠበቀ መኖር የለበትም። አልተዋጠለትም። ተናዶ ሄዶ የይርጋ ፍርዶችን ማንበብ ጀመረ። አንዱን ፍርድ ለመረዳት ሌላውን ፈለገ። የጋለው ሰው በሁለተኛው ሴሚስተር ጠፋ። ሾፌሩ ዛሬ የውርስ ጉዳይ የሚይዝ ጠበቃ ነው። ሲመዘገብ ወኔ ነበረህ ወይ ብትሉት፣ አልነበረኝም ይላችኋል። ነገሩ እየገባው ሲሄድ ነው ፍላጎቱ የመጣው።

ደክሞት የገባ ሰው የሌሊቱን ንባብ በስሜት አይወጣውም። የሚያወጣው ልማድ ነው። እዚህም ላይ «ልማድ በ21 ቀን ይያዛል» የሚሉ አሉ። ፊሊፓ ላሊ እና ባልደረቦቿ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን 96 ሰዎችን ተከታትለው ነበር። አንድ ድርጊት ያለ ብዙ ሐሳብ ወደሚሠራበት ደረጃ ለመድረስ የወሰደው ጊዜ መካከለኛው 66 ቀን ነው። እንደ ሰዉና እንደ ድርጊቱ ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። አንድ ቀን መዝለልም ነገሩን አላበላሸውም። ስለዚህ በአራተኛው ሳምንት መጽሐፍ መግለጥ ቢያስጠላችሁ «ሙያው የእኔ አይደለም» ብላችሁ አትደምድሙ። ገና መሐል መንገድ ላይ ናችሁ።

እንግዲህ እንዲህ አድርጉ። ሰዓት ቁረጡ፤ አንድ ሰዓት ይበቃል፤ በየቀኑ ያው ይሁን። ለቤተሰብ ንገሩና በዚያ ሰዓት ማንም አይጥራችሁ። የራሳችሁን አንድ ጥያቄ ፈልጉ። የተካዳችሁበት ውል፣ ጎረቤት ያጣው ይዞታ፣ ያልገባችሁ ፍርድ ሊሆን ይችላል። ከመመዝገባችሁ በፊት አንድ ሙሉ ፍርድ እስክሪብቶ ይዛችሁ አንብቡ። ፍሬ ነገሩ የቱ ነው? ጭብጡስ? ዳኛው ለምን እንዲያ ወሰኑ? የፍርድ ቤት ችሎት በመርሕ ለሕዝብ ክፍት ነው። አንድ ጠዋት ገብታችሁ ከኋላ ተቀመጡ።

ለደወሉልኝ እናትም ያልኳቸው ይህንኑ ነው። «ስለ ሞቲቬሽን አሁን አያስቡ። ሐሙስ ጠዋት ችሎት ይግቡና አንድ ያልገባዎትን ነገር ይዘውልኝ ይምጡ።»

ሐሙስ ከሰዓት ደወሉ። አንድ ጠበቃ የራሱን ምስክር «ተከሳሹ ገንዘቡን ሲቀበል አይተሃል አይደል?» ብሎ ሲጠይቅ ዳኛዋ አስቆሙት። «ለምን? እውነቱን ካየ ምን አለበት?» አሉኝ። መሪ ጥያቄ ይባላል አልኳቸው። መልሱን ጠያቂው ራሱ አጉርሶታል። በዋና ጥያቄ ጊዜ፣ ማለትም ምስክሩን ያቀረበው ወገን ሲጠይቀው፣ ችሎቱ መስማት የሚፈልገው ምስክሩ ያየውን በራሱ ቃል ነው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩ። «እሺ፣ የተቃራኒው ጠበቃ ሲጠይቀውስ ለምን ዝም አሉ?»

ይህኛው መስቀለኛ ጥያቄ ይባላል። ስለ እሱ ግማሽ ሰዓት አወራን።