ንስር ወርቅ እና ሌሎችም፦ ጎጃምን ስላቋረጡ ሠዓሊዎች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ወፍ ለማየት ባሕር ዳር የሚመጡ እንግዶችን ይዤ ዘጌ እወርዳለሁ፣ ጮቄ እወጣለሁ። ቦርሳዬ ውስጥ የድሮ ተጓዦች የሣሏቸው የአገራችን አዕዋፍና አራዊት ሥዕሎች ቅጂ አይጠፋም። ሥዕሎቹን ሳሳይ ከእንግዳም ከአገሬውም የምሰማው ነገር ተመሳሳይ ነው፤ አብዛኛው ደግሞ ስህተት ነው። በየተራ ላንሣቸው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«የብሩስን ሥዕሎች የሣለው ብሩስ ራሱ ነው»

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ሰከላ ደርሶ የዓባይን ምንጭ ግሽ ዓባይን ያየው በኖቬምበር 1770 ነው። አብሮት ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል የቦሎኛ ሰው ነበር። ባሉጋኒ የሥነ ሕንፃ ንድፍ የተማረ ሲሆን፣ ብሩስ መጀመሪያ የቀጠረው በሰሜን አፍሪካ ያሉትን የሮማውያን ፍርስራሾች እንዲነድፍለት ነበር። እኛ አገር ሲገባ እጁ ቅጠልና ላባ ወደ መሣል ዞረ። ብሩስ ግን በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ፣ ባሉጋኒ ወደ ምንጩ ከመሄዳቸው በፊት እንደ ሞተ ጻፈ። ይህ እውነት አይደለም። ባሉጋኒ የዚያን ጉዞ ማስታወሻ በገዛ እጁ ጽፎ ትቷል፤ ጎንደር ላይ ያረፈውም ከጉዞው በኋላ፣ በ1771 ነው። ከሰው አገር መጥቶ እዚህ አፈር የለበሰ ሰው ድካሙ በሌላ ስም ሲጠራ ሁልጊዜ ያንገበግበኛል። ሥዕሎቹን በምጠቅስበት ጊዜ ሁሉ ስሙን የማስቀድመው ለዚህ ነው።

ምንጩንም «ያገኘው» ብሩስ አይደለም። ስፔናዊው ሚስዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 አይቶታል፤ የሰከላ ሰው ደግሞ ከሁለቱም በፊት ጠበሉን ሲጠመቅበት የኖረ ነው።

«ቀለሙን አጋነውታል»

ይህን የሚሉኝ የአጥንት ሰባሪውን ሥዕል ሲያዩ ነው። አጥንቱን ከሰማይ ቋጥኝ ላይ ለቆ የሚሰብረው ያ ግዙፍ አሞራ ደረቱ እንደ ዝገት ቀልቶ፣ እንደ ብርቱካን ደምቆ ይታያል። «እንዲህ ያለ አሞራ የለም» ይላሉ። ብሩስ «ንስር ወርቅ» ብሎ የመዘገበው ይህንኑ ወፍ ነው። ላማልሞ ተራራ ላይ የብሩስ ሰዎች ምግብ ቀርበው ሳሉ ወፉ መጥቶ ሥጋ ነጠቃቸው። በኋላ ብሩስ ተኩሶ ጥሎት ሲያነሣው እጁ ቢጫ ዱቄት በዱቄት ሆነ፤ ገልብጦ ጀርባውን ሲነካው ደግሞ ዱቄቱ ቡናማ ነበር። ነገሩ ገርሞት ጽፎታል።

ዛሬ ምክንያቱ ይታወቃል። አጥንት ሰባሪ ብረት ያለበት ቀይ አፈርና ጭቃ ውስጥ ይታጠባል፤ ደረቱን የሚያቀላው ያ ነው። ላባው ከሥር ነጣ ያለ ነው፤ እንዲህ ያለ አፈር ሳያገኝ ተይዞ የሚኖረውም ነጣ እንዳለ ይኖራል። ስለዚህ ሠዓሊው አላጋነነም፤ የአገሩን አፈር ከወፉ ጋር አብሮ ሣለ። ጮቄ ላይ ጅብራው መካከል ቆሜ ከላዬ ሲያልፍ ባየሁ ቁጥር ያ ዱቄት ትዝ ይለኛል።

«ሠዓሊው ተቀምጦ ያየውን በአንድ ጊዜ ሣለው»

ቢሆንማ ጥሩ ነበር። ወፍ አትቆምለትም። ሠዓሊው ሜዳ ላይ የሚይዘው ቁርጥራጭ ነው፦ የአንገት አጣጣፍ፣ ስትነሣ የክንፏ አከፋፈት፣ ዳር ላይ የተጫረ የቀለም ማስታወሻ። ተይዛ ወይም ተመትታ እጁ ስትገባ ደግሞ ሩጫው ከሰዓት ጋር ነው።

ዘጌ ቡናው ውስጥ የምትንጫጫዋን፣ ጉንጯ ነጭ፣ ስትበር ክንፏ ቀይ የሆነውን ሶሪት እንውሰድ። የክንፏ ቀይ መዳብ ያለበት ቀለም ስለሆነ ወፏ ከሞተች በኋላም ይቆያል። በዓይኗ ዙሪያ ያለው ራቁት ቀይ ቆዳ ግን ወዲያው መደብዘዝ ይጀምራል፤ የዓይን ብሌኗም ይጠፋል። ሙዚየም የሚደርሰው ጥጥ የተጠቀጠቀ ገላ ነው፤ በዓይን ፋንታም ያለው ጥጥ ነው። ስለዚህ ሠዓሊው መጀመሪያ ዓይኑን፣ የፊቱን ቆዳ፣ መንቆሩንና እግሩን ቀለም በቀለም ይመዘግባል። ላባው ይደርሳል። አገሩ ሲመለስ እነዚህን ንድፎች ዘርግቶ፣ ከተሰበሰበው ቆዳ ልኩን ወስዶ፣ አንዷን ከሌላዋ አጋጥሞ፣ ብርሃንና ቅርንጫፍ ጨምሮ ትልቁን ሥዕል ይሠራል። አንድ ሥዕል ላይ የምናያት ወፍ የብዙ ወፎች ድምር ልትሆን ትችላለች።

«የፈረንጅ ሥራ ነው፤ የእኛ እጅ የለበትም»

የብሩስን መጽሐፍ የተፈጥሮ ክፍል ገልጦ ያየ ሰው ይህን አይልም። ዋንዛ፣ ቁልቋል፣ ኮሶ፣ ቀንጠፋ፣ ጤፍ፦ በፈረንጅ ፊደል ተበላሽተው ይጻፉ እንጂ የእኛው ስሞች ናቸው። ስሙን የነገረ ሰው ዛፉንም፣ የት እንደሚበቅልና ለምን እንደሚሆንም ያውቃል።

«ፎቶ ካለ ሥዕል ለምን?»

በ1926 የመጣው የቺካጎው ፊልድ ሙዚየም ቡድን ካሜራ ነበረው። ፎቶው ግን ጥቁርና ነጭ ነው። የሶሪቷን ዓይን ዙሪያ ቀይ የሚያሳየው የውሃ ቀለም ብቻ ነበር።

«ንድፍ ያላለቀ ሥራ ነው»

ከዚያ ቡድን ጋር የመጣው ሠዓሊ ሉዊስ አጋሲ ፉዌርቴስ ይባላል፤ የ52 ዓመት ሰው ነበር። ዓባይን ተሻግረው ያኔ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት የሚገዙትን ጎጃምን አቋርጠው ወደ ጣና፣ ወደ ጎንደርና ወደ ስሜን ዘለቁ። ቀን ሙሉ በበቅሎ ይጓዛሉ፤ እሱ ከጉዞው በሚተርፈው ጊዜ ይሥላል። ከ100 በላይ የውሃ ቀለም ሥራዎች ይዞ ተመለሰ። ለእሱ መነሻ ነበሩ፤ ትልልቆቹን ሥዕሎች ገና ሊሠራ ነበር።

በኦገስት 1927 ሥዕሎቹን ለአንድ የወፍ ሊቅ ወዳጁ አሳይቶ ሲመለስ፣ ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ኡናዲላ የምትባል ቦታ ላይ መኪናውን ባቡር መታው። እሱ ሞተ፤ ሚስቱ ክፉኛ ተጎዳች። ሥዕሎቹ ምንም አልሆኑም። ኢትዮጵያ ድረስ ከቡድኑ ጋር የተጓዘው ሳይዳም ከቲንግ ከሠዓሊው ቤተሰብ ገዝቶ ለሙዚየሙ ሰጣቸው፤ በ1930 ሙዚየሙ 32ቱን አሳተመ፤ ሜዳ ላይ እንደ ተሣሉ፣ ምንም ሳይጨመርባቸው።