ቢ ፕላስ የሚሰጠው ሰውዬ፦ ስለ ሮክ ሃያሲዎች የሚባለውና እውነታው

የሮክ ዘፋኙ ሉ ሪድ በ1978 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው፣ ካልነገርኳችሁ በቀር) ኒው ዮርክ ውስጥ ቦተም ላይን በሚባል ክለብ መድረክ ላይ ቆሞ አንድ ጋዜጠኛን በስሙ ጠርቶ ሰደበ። ስድቡ ከነዘፈኑ ተቀድቶ በአልበም ወጣ። ቅሬታው ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ሰው አንድ ዓመት ሙሉ ለፍቶ አልበም ይሠራል፣ ከዚያ የቪሌጅ ቮይስ ጋዜጣ ሰውዬ ተነስቶ ቢ ፕላስ ይሰጠዋል። የቀረውን ቃል አልጽፈውም፣ እናቴም ታነባለች።

ጋዜጠኛው ሮበርት ክሪስትጋው ነው። አልበሙን እንደማንኛውም አልበም ሰማና ሲ ፕላስ ሰጠው። ስሜን በትክክል ስለጠራኸው አመሰግናለሁ ብሎም ጻፈ።

ክሪስትጋው በ1942 የተወለደ የኒው ዮርክ ልጅ ነው። አባቱ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነበር። ከ1967 ጀምሮ ስለ ሙዚቃ ይጽፋል። በ2015 ወደኋላ ዞሮ የሕይወት ታሪኩን አሳተመ። ስለ ሃያሲነት ሙያ ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው ነገር ግማሹ ልክ እንዳልሆነ የገባኝ እሱን ሳነብ ነው።

«ማርክ መስጠት ምን ይከብዳል? ወደድኩት፣ ጠላሁት ነው»

እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ሰውዬው ከ1969 ጀምሮ አልበሞችን እንደ ተማሪ ፈተና ያርማል፤ ከኤ ፕላስ እስከ ኢ ማይነስ። አንዱ ግምገማ ከመቶ ቃል ብዙም አይዘልም። አንዳንዱ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። እስካሁን ያረማቸው አልበሞች ከ10 ሺህ በላይ ናቸው።

ግን እያንዳንዱ ማርክ የራሱ መስፈርት አለው። ያ ሉ ሪድን ያበሳጨው ቢ ፕላስ በክሪስትጋው መጽሐፍ ሲተረጎም ጥሩ አልበም ማለት ነው። የሸክላው አንዱ ገጽ ደጋግመው ቢሰሙት የማይሰለች፣ ሌላኛው ገጽ ላይ ደግሞ ቢያንስ አንድ ደስ የሚል ዘፈን ያለበት። በካሴት ዘመን ያደገ ሰው ይሄ ይገባዋል። ገጽ «ሀ»ን እስኪሞት ትሰማለህ፣ ገጽ «ለ» ላይ ያለችውን አንዷን ዘፈን ለማግኘት ካሴቱን በእስክሪብቶ ታጠነጥናለህ። ያ ካሴት ቢ ፕላስ ነው።

ወደዚህ ለመድረስ አልበሙ ተደጋግሞ መሰማት አለበት። የሰውዬው ቤት ውስጥ ሙዚቃ ሲጫወት ይውላል። ደስ ያላለውንም ይሰማል፤ ሥራው ነውና። ከ1990 ወዲህ ጊዜውን በአብዛኛው ጥሩ ላላቸው አልበሞች አደረገው። ለማይረቡት የቦምብ ሥዕል ማስቀመጥ ጀመረ። አልበሙ ወድቆ አንድ ዘፈን ብቻ ከተረፈ ደግሞ መቀስ። ቆርጠህ ውሰዳት ማለቱ ነው።

«ሃያሲ ማለት ዘፋኝ መሆን ያቃተው ሰው ነው»

ይቺን ማን ያላለ አለ? በሮክ ዓለም ግን ብዙ ጊዜ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ፓቲ ስሚዝ የመጀመሪያ አልበሟን በ1975 ከማውጣቷ በፊት ለክሪምና ለሮሊንግ ስቶን መጽሔቶች የሙዚቃ ግምገማ ትጽፍ ነበር። ጊታሪስቷ ሌኒ ኬይም ሃያሲ ነበር። የፕሪቴንደርስ ባንድ ዘፋኟ ክሪሲ ሃይንድ፣ የፔት ሾፕ ቦይስ ዘፋኙ ኒል ቴናንት፣ ሁለቱም ከጋዜጠኝነት ነው የመጡት።

የኛ አንባቢ በደንብ የሚያውቀው ሰውም አለ። ቦብ ጌልዶፍ። በ77ቱ ድርቅ (ይቺ በኛ አቆጣጠር ናት) ባንድ ኤይድንና ላይቭ ኤይድን ያስተባበረው ሰውዬ። ዘፋኝ ከመሆኑ በፊት ካናዳ ቫንኩቨር ውስጥ ጆርጂያ ስትሬት ለተባለ ጋዜጣ ስለ ሙዚቃ ይጽፍ ነበር።

ክሪስትጋው ራሱ ግን ዘፋኝነት አልሞከረም። በጋዜጠኝነት ሲጀምር የፖሊስ ዜናም ዘግቧል። ለሱ ሙያው ጽሑፍ ነው። የቪሌጅ ቮይስ የሙዚቃ አዘጋጅ በነበረበት ዘመን ከወጣት ጸሐፊዎች ጋር ቁጭ ብሎ ጽሑፋቸውን መስመር በመስመር ያርም ነበር። እንደዚያ የሚያርም አዘጋጅ ያጋጠመው ጸሐፊ ምን ያህል እንደሚያምና ምን ያህል እንደሚጠቅም ያውቀዋል።

«ሃያሲ ዘፋኝ ይገድላል፣ ዘፋኝ ያነግሣል»

ሮሊንግ ስቶን በ1969 ሌድ ዘፕሊን የተባለውን ባንድ የመጀመሪያ አልበም አጣጣለው። ባንዱ ግን ከሮክ ታላላቆች አንዱ ሆነ። ኒው ዮርክ ዶልስ የተባለውን ባንድ ደግሞ ክሪስትጋውና ጓደኞቹ ቢያወድሱ ቢያወድሱ ሸክላው አልሸጥ አለ።

«የሮክ ጸሐፊ ኑሮው እንደ ሮክ ኮከብ ነው»

ይሄ ሥዕል የመጣው ከሃያሲው ሌስተር ባንግስ ይመስለኛል። እንደ እሳት የሚጽፍ፣ የሚጠጣ፣ መድኃኒት የሚያበዛ፣ በ1982 በ33 ዓመቱ የሞተ። ክሪስትጋው ከ1974 ጀምሮ ከአንዲት ሚስት ጋር የሚኖር ሰው ነው። ሚስቱ ካሮላ ዲቤልም ጸሐፊ ናት። አልበሞቹን አብረው ይሰማሉ፣ ይከራከራሉ። ቤት ውስጥ የሚሠራ፣ ዴስክ ላይ የሚያረጅ ሙያ ነው።

እርግጥ ትሑት ነው እያልኩ አይደለም። «የአሜሪካ ሮክ ሃያሲዎች ዲን» የሚለውን ማዕረግ የሰጠው ዩኒቨርሲቲ የለም። በ70ዎቹ መጀመሪያ አንድ የፕሬስ ዝግጅት ላይ ሞቅ ብሎት ለራሱ የሰጠው ነው። ቀልዱ ስም ሆኖ ቀረ።

«ሽማግሌ ሃያሲ፣ ሙዚቃ ድሮ ቀረ ነው የሚለው»

እሱን የምንለው እኛ ነን። ታክሲ ውስጥ፣ ሠርግ ላይ፣ ቡና ላይ። ያውም በሠላሳ ዓመታችን።

ክሪስትጋው ሮክን ብቻ አልሰማም። በ1985 የወጣውን የደቡብ አፍሪካዋን የሶዌቶ ዘፈኖች ስብስብ ኤ ፕላስ ሰጠው። ስለ ኮንጎው ሙዚቀኛ ፍራንኮ ረጅም ጽሑፍ ጻፈ። ሂፕ ሆፕ ሲመጣ ብዙ እኩዮቹ ጆሯቸውን ሲደፍኑ እሱ ቁጭ ብሎ ማርክ ይሰጥ ነበር። በ2006 ቪሌጅ ቮይስ አዲስ ባለቤት ሲያገኝ ተባረረ። ያኔ 64 ዓመቱ ነበር። ጡረታ ለመውጣት ጥሩ ሰበብ ነው። አልወጣም። ማርኩን ይዞ ሌላ ቦታ ሄደ። እዚያ ሲያልቅ ሌላ ቦታ። በ2019፣ በ77 ዓመቱ፣ አንባቢዎቹ ከፍለው በኢሜይል የሚቀበሉትን የራሱን ደብዳቤ ጀመረ። ጉዳዩ ደግሞ ትዝታ ብቻ አይደለም፤ በዚያ ሰሞን የወጡ አልበሞችም እንደ ድሮው ማርካቸውን ያገኛሉ። ሉ ሪድ የተቆጣበት ቢ ፕላስም እስካሁን አለ፣ ዛሬ የሚቀበሉት ያኔ ያልተወለዱ ልጆች ናቸው።