በሳፋ ውስጥ ያለ ሐይቅ፦ የሕፃናት የተፈጥሮ ጨዋታ በወሎ

ሳፋ ውስጥ አፈር፣ ውሃ፣ ድንጋይና ቅጠል ይሰናዳል። ሕፃኑ እየነካ፣ እያሸተተ፣ እያዳመጠ ይጫወትበታል። ነገሩ ይኸው ነው። ዛሬ ዛሬ እንደ አዲስ ዘዴ ቢወራለትም፣ የወሎ እረኛ ልጅ ጭቃ አቡክቶ በሬና ላም ሲሠራ ኖሯል። አዲሱ ነገር ጭቃው ግቢ የሌለው የከተማ ልጅ ዘንድ መድረሱ ነው።

ወሎ ለዚህ የታደለ አገር ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ከእሷ ቁልቁል የምትገኘው ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ። መንገዱ አጭር ነው፣ ዕፅዋቱ ግን ይለያያል። ደገኛው ጦስኝና ጥድ አያጣም፤ ወደ ቆላው የሚኖረው የግራር ፍሬ ያገኛል። ፍሬው ሲደርቅ ውስጡ ይንሿሿል፣ ልጆች ይወዱታል። ስለዚህ ሳፋው የልጁን ሰፈር ቢመስል ይመረጣል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሠራ ሰው ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ከደሴ በስተሰሜን ያለውን፣ ስሙም ሐይቅ የሆነውን ሐይቅ በሳፋ አስመስሎ መሥራት ነው። ሳፋው ውስጥ ከታች ጠጠር ይነጠፋል፣ በላዩ አፈር ይደረጋል። መሐል ላይ ጎድጓዳ ሳህን ተቀብሮ ውሃ ይሞላል፤ ዳር ዳሩን ቀጠማ ይተከላል። አፈሩ ዋልካ ከሆነ ጥሩ ነው። ሲረጥብ ጣት ላይ ሙጭጭ ይላል፣ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። ልጁ ይህን ለውጥ በገዛ እጁ ያየዋል፤ ማንም ሊያስረዳው አይገባም። አንድ ጥግ ላይ አሪቲ ወይም ጦስኝ ይሁን፤ ሲታሽ ሽታው ቤቱን ያውዳል። ከብቱን ደግሞ ልጁ ራሱ ከጭቃ ይሥራ። የገበያ የፕላስቲክ እንስሳ ነውር የለውም፣ ግን የልጁን ሥራ ይሻማበታል።

ጥንቃቄው ግን ቀልድ አይደለም። የጉሎ ፍሬ ዝንጉርጉርና የሚያብለጨልጭ ስለሆነ ልጅን ይማርካል፤ ከተቆረጠመ ግን ከባድ መርዝ ነው። አስተናግር የሚባለው ተክልም መርዛማ ነው። የቁልቋል ወተት ዓይን ይጎዳል። እነዚህ ሳፋው አጠገብ እንዳይደርሱ። ዕድሜው ከሦስት ዓመት በታች የሆነ ልጅ ያገኘውን አፉ ውስጥ ስለሚከት ትንንሽ ጠጠርና ፍሬ ይቅርበት። ሕፃን ልጅ በጥቂት ሳንቲ ሜትር ውሃም ሊሰጥም ይችላል፤ አዋቂ ለአፍታም ቢሆን ከአጠገቡ አይራቅ። አፈሩ ከብትና ሰው ከሚጸዳዳበት ቦታ አይምጣ፣ ከጨዋታ በኋላም እጅ በሳሙና ይታጠብ።

ውሃው ማታ ማታ ይደፋ። በሞቃት አካባቢ የወባ ትንኝ በረጋ ውሃ ውስጥ በሳምንት ከምናምን ጊዜ ከእንቁላልነት ተነሥታ ለመብረር ትደርሳለች። አፈሩና ቀጠማው ግን መጣል የለበትም፤ ጥላ ሥር ተቀምጦ ውሃ ከተርከፈከፈበት ለብዙ ቀን ያገለግላል።