ኦርሊስታት ሲወስዱ ዘይት የሚወጣው ለምንድን ነው?

በአሜሪካ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «አሊ» ተብሎ ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጠው የክብደት መቀነሻ መድኃኒት ኦርሊስታት 60 ሚሊግራም የምግብ ፍላጎትን አይቀንስም። ሥራው አንጀት ውስጥ ነው፤ ከበላነው ቅባት ሩብ ያህሉ ሳይፈጭ እንዲወጣ ያደርጋል። ቅቤ የበዛበት ወጥ ከተበላ ያ ቅባት ብርቱካንማ ዘይት ሆኖ ከፈስ ጋር ያመልጣል፣ የውስጥ ልብስ ያበላሻል፣ ሽንት ቤት ያስሮጣል። ስለዚህ በአንድ ማዕድ ቅባቱ ከ15 ግራም ባይበልጥ ይሻላል፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 14 ግራም ገደማ ነው! ምግቡ ቅባት ከሌለው ክኒኑን ይዝለሉት።

ቫይታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬም አብረው ስለሚወጡ መልቲቫይታሚን ማታ ሲተኙ ይውሰዱ። የታይሮይድ ክኒን የሚወስዱ ከሆነ ከኦርሊስታት በ4 ሰዓት ያራርቁት። ሳይክሎስፖሪን (ለምሳሌ ከአካል ንቅለ ተከላ በኋላ የሚሰጥ መድኃኒት) የሚወስድ ሰው ግን ኦርሊስታትን ፈጽሞ አይንካ። ዓይን ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንት ከጠቆረ፣ እምብዛም ባያጋጥምም፣ ጉበት ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው አቁመው ይታከሙ።