ስለ እቁብ፣ ስለ ባንክና ስለ አክሲዮን የተለመዱ ስህተቶች

«እቁብ ትርፍ አለው»

እቁብ ትርፍ የለውም፤ ያለው ተራ ነው። 12 ሰው በወር 5,000 ብር የሚጥልበትን እንውሰድ፤ እጣው 60,000 ብር ነው። በመጀመሪያው ወር የበላው ሰው 55,000 ብር ያለ ወለድ ተበድሮ በ11 ወር ይመልሳል። መጨረሻ የደረሰው ደግሞ ለሌሎቹ ሲያበድር ከርሞ የገዛ ገንዘቡን ይወስዳል። ያንኑ ብር በዓመት 7 በመቶ ወለድ በሚከፍል የቁጠባ ደብተር በየወሩ ቢያስገባ ኖሮ እስከዚያ ቀን ወደ 1,900 ብር ወለድ ይኖረው ነበር። ካልተገደደ ጭራሽ ለማይቆጥብ ሰው ግን ይህ ውድ አይደለም።

የሚያከስረው ሌላ ነው፦ ቀድሞ የበላ ሰው መክፈል ሲያቆም። ስለዚህ ከመግባትዎ በፊት ዳኛውንና ጸሐፊውን ይወቁ፤ እጣ የወጣለት ሰው ዋስ ሳይጠራ ብሩን የሚወስድበት እቁብ ከሆነ ይቅርብዎ። ቀኑ የተቆረጠ ወጪንም በእጣ አይጠብቁ። የመስከረም የትምህርት ቤት ክፍያ ተራ አያውቅም።

«ባንክ ያለ ገንዘብ አይቀንስም»

ቁጥሩ አይቀንስም። 100,000 ብር በ7 በመቶ ዓመት ቢቀመጥ 107,000 ይሆናል፤ ከወለዱም ላይ ግብር ይቆረጣል። በዚያው ዓመት 100,000 ብር የነበረ እቃ 120,000 ከገባ ደብተሩ አድጎ ዘንቢሉ ጎድሏል ማለት ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል።

እንዲያም ሆኖ ከ3 እስከ 6 ወር የሚሆን የቤት ወጪ ባንክ ይቀመጥ። የዚህ ገንዘብ ሥራ ማትረፍ ሳይሆን ሰው የታመመ ቀን በእጅ መገኘት ነው።

«እድር ስላለኝ መድን አያስፈልገኝም»

እድር ቀብሩንና ድንኳኑን ይሸፍናል። የሟቹን የወር ደመወዝ አይተካም።

«አክሲዮን ለሀብታም ነው»

ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ለሕዝብ ሽያጭ ሲያቀርብ አንዱ አክሲዮን 300 ብር ነበር፤ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር።

«ባንኩ 25 በመቶ የትርፍ ድርሻ ከፍሏል፤ እኔም ያንን አገኛለሁ»

መቶኛው የሚሰላው አክሲዮኑ ላይ በተጻፈው ዋጋ ነው። የተጻፈው 1,000 ብር ሆኖ እርስዎ ከሌላ ሰው በ1,400 ከገዙት፣ የሚደርስዎት 250 ብር ካወጡት ገንዘብ 18 በመቶ ያህል ብቻ ነው። አዲስ አክሲዮን በበጀት ዓመቱ አጋማሽ ከፍለው ከሆነም የሚታሰብልዎ አብዛኛውን ጊዜ ከከፈሉበት ቀን ጀምሮ ነው። የባለአክሲዮኖቹ ጠቅላላ ጉባኤ ትርፉ በባንኩ ካፒታል ላይ ይጨመር ብሎ ከወሰነ ደግሞ በእጅዎ የሚገባ ጥሬ ብር የለም።

መሸጡም እንደ መግዛቱ አይቀልም። አክሲዮን የሚገዛበትና የሚሸጥበት የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ጥር 2017 ዓ.ም. ቢከፈትም የተመዘገቡት ድርጅቶች ጥቂት ናቸው፤ የሌሎቹን ገዢ የሚፈልጉት ራስዎ ነዎት።

በምሥረታ ላይ ያለ ባንክ ከሆነ ጥንቃቄው ይጨምራል። ብሔራዊ ባንክ በ2013 ዓ.ም. የባንክ መነሻ ካፒታልን ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር ሲያሳድግ ለመመሥረት አክሲዮን ይሸጡ ከነበሩት መካከል ሳይቋቋሙ የቀሩ አሉ። ምሥረታው ባይሳካ ዋናው ገንዘብ መቼ እንደሚመለስ፣ በላዩ የከፈሉት የአገልግሎት ክፍያም አብሮ ይመለስ እንደሆነ ከመፈረምዎ በፊት በጽሑፍ ይጠይቁ።